መስኮቱን ማን ይዝጋ

ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ከቸኮልሁ አንዱ ይዘለልብኛል፤ አንዱ ከተዘለለ ሁሉም ይበተናል።

አቶ ገብረየስ የሚባሉ ሽማግሌ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ የሞሉት ቅጽ ነበር፤ ከቅጹ ግርጌ «ላክ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን መጫን ብቻ ነው የፈለጉት። ቅጹ የባለቤታቸው የወይዘሮ ትርፌ ነው። የወይዘሮ ትርፌ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ተሸፍነዋል። የዓይን ክሊኒኩ ተራ የሚያስይዘው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የዘንድሮው ምዝገባ ዛሬ ቀን በስድስት ሰዓት ይዘጋል። በቅጹ አናት ላይ በቀይ የተጻፈም ነበር፦ በአንድ መታወቂያ ሁለት ቅጽ የጀመረ ሁለቱም ይሰረዙበታል።

ቅጹ የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጠይቃል። ወይዘሮ ትርፌ በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዕለት መወለዳቸውን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ በፈረንጅ ስንት እንደሚሆን ግን የሚያውቅ የለም። ከጎኑ «ቀን መቀየሪያ» የሚል ሊንክ ነበርና አቶ ገብረየስ ነኩት። አዲስ መስኮት ተከፍቶ ስክሪኑን ሞላው። ቀኑን ነገራቸው። እሳቸውም በወረቀት ጻፉት፤ እንዳይሳሳቱ ደግመው ጻፉት። ቀና ሲሉ ቅጹ የለም።

አምስት ሰዓት ሆኗል።

ወደ ኋላ የምትመልሰውን ቀስት ነኩ። ቀስቷ ገርጥታ ቆማለች። ይህ መስኮት ገና አሁን መከፈቱ ነው፣ ኋላ የለውም፣ በሌለ መንገድ ብወስድዎት የት እንደማደርስዎት እፈራለሁ አለች። ቀስቷ አልመልስም አለች፤ ቅጹ አልታይ አለ።

መስኮቱን ለመኑት፦ እባክህ ተነሥና ቅጼን ልየው። መስኮቱም የከፈቱኝ እርስዎ ነዎት፣ ሰው ሳይዘጋኝ ብነሣ ቅጹን ይዤው እንዳልሄድ እፈራለሁ አለ። መስኮቱ አልነሣም አለ፤ ቀስቷ አልመልስም አለች፤ ቅጹ አልታይ አለ።

የኢንተርኔት ቤቱን ባለቤት ሰናይትን ጠሩ። ሰናይት መጥታ አየች፤ አይታም እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች። ባለፈው ወር አንድ ሰው ዝጊልኝ ብሏት ብትዘጋ ቅጹ አብሮ ጠፋ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያገኛት ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ወዲህ «የደንበኛ መስኮት አንዘጋም» ብላ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች።

«አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ይዝጉት» አለች።

አቶ ገብረየስ እጃቸውን ማውዙ ላይ አኖሩ። ቅጹ እንዳይጠፋ ፈሩና አነሡት። ሰናይት አልዘጋም አለች፤ መስኮቱ አልነሣም አለ፤ ቀስቷ አልመልስም አለች፤ ቅጹ አልታይ አለ። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

ስክሪኑን ከሞላው ገጽ ግርጌ የክሊኒኩን ድረ ገጽ የሠራው ሰው ስልክ ተጽፎ ነበር፤ ተካልኝ ይባላል። ደወሉለት። ተካልኝም ቅጹ ከሥር ሳይኖር አይቀርም አለ። «ሳይኖር አይቀርም» የሚለው ቃል አቶ ገብረየስን ይብስ አስፈራቸው። ዝጉት ብለህ እዘዝልኝ ቢሉት፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ስክሪኑን አላየው፤ ብሳሳት ክሊኒኩ ያባርረኛል፤ ሁሉም ሊንክ በአዲስ መስኮት ይከፈት ያሉት እነሱ ናቸው፤ የክሊኒኩን ጸሐፊ ይጠይቁ ብሎ ስልኳን ሰጣቸው። ሠሪው አላዝም አለ፤ ሰናይት አልዘጋም አለች፤ መስኮቱ አልነሣም አለ፤ ቀስቷ አልመልስም አለች፤ ቅጹ አልታይ አለ።

ለጸሐፊዋ ለወይዘሮ አበዛሽ ደወሉ። እሷም ትእዛዙ የዶክተሩ ነው፣ የእሱን ትእዛዝ የምጠይቅ እኔ ማን ነኝ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል አሁን መውጣቱ ነው አለች። እየፈራች ስልኩን ለራሱ ለዶክተሩ አቀበለችው እንጂ ጸሐፊዋ አልጠይቅም አለች፤ ሠሪው አላዝም አለ፤ ሰናይት አልዘጋም አለች፤ መስኮቱ አልነሣም አለ፤ ቀስቷ አልመልስም አለች፤ ቅጹ አልታይ አለ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ዶክተር ኅሩይ ድምፁ ለስላሳ ነው። የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ቀስ ብሎ ተናገረ። አምና ሁሉም በአንድ መስኮት ነበር የሚከፈተው። አንድ ሽማግሌ ቅጹን ሞልተው ሲጨርሱ ይህንኑ ሊንክ ነኩ፤ ገጹ ተቀየረ፤ የጻፉት ሁሉ ጠፋ፤ ተራው አለፋቸው። ዘንድሮ ሲመጡ ዓይናቸው ከሕክምና አልፎ ነበር።

«ለዚህ ነው በአዲስ መስኮት ይሁን ያልሁት፤ ቅጹ ከሥር ይቆያል ብዬ። አሁን እርስዎ ደግሞ መመለሻ አጣሁ አሉኝ። ወደ አምናው ብመልሰው እንደ እሳቸው ላሉት እፈራለሁ፤ ብተወው እንደ እርስዎ ላሉት እፈራለሁ። ዝጉት ብልዎትና ቢጠፋስ፣ አባቴ?»

ዶክተሩ አልወስንም አለ፤ ጸሐፊዋ አልጠይቅም አለች፤ ሠሪው አላዝም አለ፤ ሰናይት አልዘጋም አለች፤ መስኮቱ አልነሣም አለ፤ ቀስቷ አልመልስም አለች፤ ቅጹ አልታይ አለ። ለስድስት አምስት ጉዳይ።

ወይዘሮ ትርፌ እስካሁን ከባላቸው ጎን ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ዘረጉና ዳብሰው ስልኩን ወሰዱ።

«ዶክተር፣ የዓይኑ ባለቤት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቢላዋህን ፈርቼ ቤቴ ተቀመጥሁ። ዛሬ እሺ ብዬ ብወጣ፣ ምንም የማይቆረጥባችሁ እናንተ ትፈራላችሁ? አሁን እኮ ዝም ብላችሁም ተራው እየጠፋ ነው። በል ዝጉት በላቸው። ከጠፋ የጠፋው የኔ ነው።»

ዶክተሩ ደነገጠ፤ አፈረም። ለጸሐፊዋ ዝጉት በያቸው አላት፤ ከነገ ጀምሮም በየሊንኩ አጠገብ «ይህ በሌላ መስኮት ይከፈታል፤ ሲጨርሱ ይዝጉት፤ ቅጹ ከሥር ነው» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍ አላት። ጸሐፊዋ ለሠሪው ደወለች፤ ሠሪው ለሰናይት ደወለ፤ ሰናይት ዓይኗን ጨፍና መስኮቱን ዘጋች፤ መስኮቱ ተነሣ፤ ቀስቷን የሚፈልጋት ሰው አልነበረም፤ ቅጹ ታየ። ስሙም፣ ቀበሌውም፣ ስልኩም እንዳለ ነው።

አቶ ገብረየስ ቀኑን ከወረቀቱ ገለበጡ። አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ሁለተኛ ሊያነቡት ሲሉ ሰናይት «አባባ!» አለች። «ላክ»ን ተጫኑ።

መልሱ በአዲስ መስኮት ተከፈተ። ማንም አልነካውም።

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ትርፌ።

«ተመዝግበሻል ይላል። ተራሽ አርባ አንድ ነው።»

ወይዘሮ ትርፌ የባላቸውን እጅ ፈልገው አጥብቀው ያዙት።

«እንግዲህ አሁን ልፍራ» አሉ።