ጨዋዋ እስስት

አንዲት ሴት ክዳኑ የተበሳሳ የጫጩት ካርቶን ታቅፋ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ገባች። የስምንት ዓመት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ትከተላታለች።

ሐኪሙ ዶክተር ጌጡ ይባላሉ፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ከተማዋ የዶሮ እርባታ የበዛባት ስለሆነች እንዲህ ያለ ካርቶን በቀን አሥር ጊዜ ያያሉ። ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏት።

«ሳምንት ሆናት። አትበላም። ዓይኗን ጨፍና ትውላለች። እግሯም መታጠፍ ጀምሯል።»

«ክትባት ወስዳለች?»

«ኧረ አልወሰደችም።»

«እንግዲያው ፈንግል ነው። ሰፈሩን እየጨረሰው ነው። ሌሎቹስ ስንት ናቸው?»

«ሌላ የለም። እሷ ብቻ ናት።»

አሁን ቀና አሉ። «አንድ? እህቴ፣ ለአንዲት ጫጩት ባጃጅ ተሳፍረሽ መጣሽ?»

«ጫጩት አይደለችም» አለች ልጅቱ። እዚያ ከገቡ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ክዳኑ ተከፈተ። አንዲት የጣት ርዝመት ያላት እስስት ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፋ ተኝታለች፤ ጠቁራለች። ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ የዶሮ ነጋዴ አማተቡና ወንበራቸውን ይዘው ራቅ አሉ። «እስስት! በዚህ በጠዋቱ!»

«አይዞዎት፣ እርስዎን ብላ አልመጣችም» አሉ ዶክተሩ። ወደ ሴትየዋም ዞረው፣ «እኔ የላምና የዶሮ ሐኪም ነኝ። ግን ተማሪ ሳለሁ አንዷን አሳድጌ ነበር፤ በገዛ ስሕተቴም ገደልኳት። እስቲ ጠጋ በሉ» አሉ።

ወገኖቼ፣ ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ልጅቱ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ።

እስከዳር ትባላለች። ሴትየዋ አክስቷ ናት። የልጅቱ እናት፣ የሴትየዋ ታናሽ እህት፣ ከአራት ወር በፊት አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ አርፋለች። እስከዳር ግን አልተነገራትም። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ «ልጅ ናት። ትምህርት ይዘጋና እናረዳታለን» አሉ። እስከዚያው «እናትሽ ለሕክምና ውጭ አገር ሄዳለች» ተባለች።

እኛስ እንዲሁ አይደለም የምናደርገው? መርዶ ጊዜ አለው እንላለን። ሆድ የባሰው ሰው ላይ አንጨምርበት እንላለን። ክፋት አይደለም። ፍቅር ነው።

ፍቅር መሆኑን ደግሞ ከዚህ እዩ። ሴትየዋ ለእህቷ ጥቁር ለብሳለች። ልጅቱ እንዳታይ ግን ጥቁር ቀሚሷን ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ዘንድ አስቀምጣለች፤ ስትወጣ እዚያ ትለብሳለች፣ ስትመለስ እዚያ ታወልቃለች። በየቀኑ። አራት ወር ሙሉ።

እስከዳር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ነበረች። ሳህን ትወረውራለች። ደጃፍ ላይ ትቀመጥና አልነሳም ትላለች። ኋላ ዝም አለች። ሲሰጧት ትበላለች፤ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። የሰፈሩ ሰው «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት!» ይላል። አክስቷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለመደችኝ» ትላለች።

በዚህ መሐል የአጥሩ ቁጥቋጦ ሲከረከም ልጅቱ ያቺን ትንሽ እስስት አገኘች። መዳፏ ላይ ይዛ መጣችና «ትኑርልኝ» አለች። ስም እንኳ አውጥታላት ነበር፤ ቅጠሌ።

ሴትየዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እስስት ትፈራለች። ነገር ግን ልጅቱ ዝም ካለች ወዲህ አንድ ነገር ስትለምን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቀድሞ ቦምቦሊኖ ትሸጥበት የነበረውን የመስታወት ሣጥን አጠበች። ጥጥ አነጠፈችበት፤ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍም አቆመችበት። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አኖረችው። በስኒ ንጹሕ ውሃ አስቀመጠች፣ ውሃውንም በየጠዋቱ ትቀይረዋለች። ልጅቱ ዝንብ እየያዘች ትሰጣለች።

ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ንገሩኝ እስቲ፣ እኔና እናንተ ብንሆን ከዚህ በላይ ምን እናደርግ ነበር?

ዶክተር ጌጡ ቅርንጫፉን ከነእስስቷ አነሱ። «ቀን ቀን እንዲህ ጨፍና ነው የምትውለው?»

«እንቅልፍ ትወዳለች» አለች ሴትየዋ።

«እስስት ቀን አትተኛም። ቀን የጨፈነች እስስት ታማለች።» ጣታቸውን ከእግሯ ሥር አስገቡ። «ቆንጠጥ አድርጋ መያዝ ነበረባት። እዪ፣ አትይዝም። መንጋጋዋም እንደ ጎማ ነው። አጥንቷ ለስልሷል።» ከካርቶኑ ግርጌ ኩሷን በስንጥር ገልበጥ አድርገው አዩ። «ነጭ መሆን የነበረበት ጫፉ ይኸው ቢጫ ሆኗል። ውሃ ጠምቷታል።»

ሴትየዋ ቅር አላት። «ዶክተር፣ ውሃማ አለ! በየቀኑ እኔው ነኝ የምቀይረው። ስኒው ሁልጊዜ ሙሉ ነው።»

«ሙሉ መሆኑ ነዋ ምልክቱ» አሉ ሐኪሙ። «ጠባይዋስ?»

«ኧረ እሷስ ጨዋ ናት።» ሴትየዋ ፊቷ በራ። «መጀመሪያ እጄን ስሰድ አፏን ከፍታ እፍ ትልብኝ ነበር፤ ልትነክሰኝም ትቃጣ ነበር። አሁን እኔም ደፍሬ መዳፌ ላይ ባስቀምጣት ዝም ነው። ለመደችኝ።»

«አልለመደችሽም፣ እህቴ» አሉ ሐኪሙ። «አቅም አጥታ ነው።»

አቅም አጥታ ነው።

ዶክተሩ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አሉ። «አንቺስ የኔ ልጅ፣ ስትጠጣ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«አንድ ቀን። ዝናብ ጥሎ ጣሪያው ሲያፈስ። ጠብታው ሣጥኑ ውስጥ ገባና ቅጠሉ ላይ ሲንጠባጠብ ላሰችው።»

«ከስኒውስ?»

«ስኒውን አታየውም።»

አክስቷ ዞር አለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

የዶሮ ነጋዴው ሳያስቡት ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ልጅቱ ልክ ናት» አሉ ዶክተሩ። «እስስት የረጋ ውሃ ውሃ አይመስላትም። የምታውቀው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው። ሙሉ ስኒ አጠገቧ እያለ በጥም ትሞታለች።»

«ፀሐዩስ? መስኮት ሥር እኮ ነው ያስቀመጥኳት።»

«መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል። አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር ግን ያስቀረዋል።»

«ከንፋስ ልከልላት ብዬ ነው» አለች ሴትየዋ።

«አውቃለሁ። የኔዋም የሞተችው መስታወት ውስጥ ነው።»

መርፌ የሌለው ስሪንጅ አመጡና ከእስስቷ አፍ ፊት ለፊት ቅጠል ላይ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመሩ። አንድ ጠብታ። ሁለት ጠብታ። ምንም የለም። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ አንዱ ዓይን ተከፈተ። ቀጥሎ አፏ በቀስታ ተከፈተና ጠብታውን ሳበችው።

«ጠጣች!» አሉ የዶሮ ነጋዴው።

ሐኪሙ ለሴትየዋ እንዲህ አሏት፦ «ቅጠሉን ጠዋትና ማታ እርጪው፤ ይንጠባጠብ። ጠዋት ጠዋት ከመስታወቱ አውጥታችሁ ቅርንጫፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ትሙቅ፤ ሲበዛባት የምትገባበት ጥላ ይኑራት። ዝንብ ብቻ አይበቃትም። ደቃቅ ፌንጣም ፈልጉላት፤ ስትሰጧትም ከዚህ የካልሲየም ዱቄት ቆንጠር አድርጋችሁ ነስንሱበት።»

«እግሯ ይቃናል?» አለች እስከዳር። «ትድናለች?»

ሐኪሙ ሊመልሱ ሲሉ ሴትየዋ ከልጅቱ ጀርባ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው። እጇን አወዛወዘች። ‹ትድናለች በሏት› ማለቷ ነው።

ዶክተር ጌጡ ሴትየዋን አዩ። ልጅቱን አዩ። ከዚያ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ ብለው፣ «ልንገርሽ ወይስ ይቅር?» አሏት።

«ይንገሩኝ» አለች። «ካልነገሩኝ ብቻዬን ነው የማውቀው።»

ይህን ቃል እንድትይዙት እለምናችኋለሁ። ካልነገሩኝ ብቻዬን ነው የማውቀው።

«የታጠፈው እግር አይቃናም» አሉ ሐኪሙ። «ግን አጥንቷ ከጠነከረ ትቆምበታለች። ልትሞትም ትችላለች። ይህን ሳምንት ካለፈች ተስፋ አላት።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። ካርቶኑን ከአክስቷ ተቀብላ ራሷ ተሸከመች።

ቤት ገብተው ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሴትየዋ ከጎኑ ተቀመጠች። አራት ወር ሙሉ ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«እስከዳር፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ልጅቱ ካርቶኑን እያየች፣ «ጥቁር ቀሚስሽን» አለች። «እነ እትዬ አስካለ ግቢ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ኪሱ የተቀደደው ያንቺ ነው።»

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ፋሲካ ሳይደርስ።»

«እንግዲያስ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳታለቅሺ ብዬ።»

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። አንዷ ለሌላዋ ስትል ልብሷን ጎረቤት ደበቀች። ሌላዋ ለእሷ ስትል ዕንባዋን ደበቀች። አንድ ሞት ሁለት ቦታ፣ ለየብቻ ተለቀሰ። ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ ይህን አይቶ ‹ጨዋ› አለው።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። ወደ እኔም ቤት።

ቤታችሁ ዝም ያለ ሰው አለ? ቀድሞ ይከራከር የነበረ፣ አሁን ግን በሁሉ ነገር «እንዳልሽ» የሚል ባል አለ? ከገጠር ያመጣችኋት፣ ፎቅ ላይ ያስቀመጣችኋት፣ «ምንም አታስቸግርም» የምትሏት እናት አለች? መቼ ነው ማስቸገር ያቆመችው? ስታቆም ተገላገልን አላችሁ ወይስ ምን ሆነች አላችሁ?

ዝምታ ሁሉ ሕመም ነው አልልም። ሰው በተፈጥሮውም ዝምተኛ ይሆናል። ነገር ግን ቀድሞ እፍ ይል የነበረ፣ ይነክስ የነበረ፣ አሁን መዳፋችሁ ላይ ዝም ካለ፣ ለመደኝ ከማለታችሁ በፊት እጃችሁን ከእግሩ ሥር አስገቡና እዩ። ይይዛል? ወይስ መያዝ አቅቶታል?

«እኔ እኮ ያላደረግሁለት የለም» ትሉኛላችሁ። አምናችኋለሁ። ስኒው ሙሉ ነው። በየጠዋቱም ይቀየራል። እግዚአብሔር ግን ላምን ከወንዝ፣ እስስትን ከጠብታ እንድትጠጣ አድርጎ ፈጠራቸው። የምትወዱት ሰው በምን እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? አንዳንዱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ጫማው፣ ምሳ ዕቃው ሁሉ ተሟልቶለት፣ ማታ አምስት ደቂቃ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አጥቶ ይደርቃል።

ደግሞም መስታወቱ አለ። በፍቅር ያጠብነው፣ ከንፋስ ይከልላል ብለን ያቆምነው መስታወት። «ይህን ባይሰማ ይሻለዋል።» «ይህን ባታውቅ ይሻላታል።» ሙቀቱ ያልፋል፣ እውነት ነው፤ እንደምንወዳቸው ይሰማቸዋል። አጥንት የሚያጠነክረው ግን እውነቱ ነው፣ እሱ ውጭ ይቀራል።

ዶክተሩ መስታወቱን ስበሩት እንዳላሉ ልብ በሉ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ጣሏትም አላሉም። ጠዋት ጠዋት አውጧት፣ ጥላም ይኑራት ነው ያሉት። እውነትም እንዲሁ ነው፤ በጥቂቱ፣ እጅ ተያይዞ፣ መጠጊያ አጠገብ አድርጎ። ደግሞ ዘግይተን ከሆነ የታጠፈው ሁሉ ላይቃና ይችላል። ይህንንም አልደብቃችሁም። ግን ይቆምበታል።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። «አንተ ምን ታውቃለህ? አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» በሉ። ከዚያም መልሱን ለመስማት ተቀመጡ።

ሴትየዋ በማግስቱ ጠዋት ጎረቤት ሄዳ ጥቁር ቀሚሷን አመጣችና በገዛ ቤቷ ለበሰችው። እስከዳርን አጠገቧ አስቀምጣ እናቷ በምን ቀን እንዳረፈችና የት እንደተቀበረች ነገረቻት። ልጅቱ ጮኻ አለቀሰች። ሳህን ወረወረች። ማንም «ተይ» አላላትም። እሑድ አብረው ወደ መቃብሩ ሄዱ።

ቅጠሌ ሳምንቱን አለፈች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ግቢ ውስጥ፣ ሴትየዋ ቅርንጫፉን ወደ ፀሐይ ልታዞር እጇን ስትሰድ እስስቷ አፏን ከፍታ እፍ አለችና ጣቷን ነከሰቻት። እስከዳር ሳቀች።