በሐምሌ ወደ ቆላ የወረደው ገበሬ

አንድ ጠርጣራ ገበሬ ነበረ፤ አገሩ ደጋ ነው። የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም፣ ልጄ። መልሱ እዚሁ ውስጥ ስላለ ታግሠህ ስማኝ።

የዚህ ገበሬ አንዲት ልጁ ሩቅ ቆላ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች የሐሩር ከተማ አግብታ ትኖር ነበር። ከሠርጓ ወዲህ አምስት ዓመት አላያትም። ወንድ ልጅ መውለዷን ሲሰማ ከበሬዎቹ አንዱን ሸጠ። የበሬው ዋጋ ለአንድ ጉዞ ቢበቃ ነው፤ ለሁለተኛ አይተርፍም። ዕድሜውም ገፍቷል። እናም ይህችን አንዲት ጉዞ በየትኛው ወር እንደሚሄዳት ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ።

አማቹ «በጥር ይምጡ፤ ያኔ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። በሐምሌ ግን እንዳይሞክሩት፤ ከተማው ይነዳል» ብሎ ላከበት። ገበሬው ሰምቶ ሳቀ። እሱ በሐምሌ ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር ነው የሚውለው። በጥር ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደጋው በጥር እንዲህ ከሆነ ቆላው ከየት አምጥቶ ይቀዘቅዛል?

«ሰውዬው እንዳልመጣበት ፈልጎ ነው» አላት ሚስቱን።

«ኧረ እባክህ! በጥር ና አለህ እንጂ አትምጣ መቼ አለህ?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ታምኛለሽ።»

በቅሎ አከራይ ጠየቀ፤ እሱም በጥር ይሻላል አለው። በጥር የበቅሎ ኪራይ እጥፍ ነው። ከዚያች ከተማ የተመለሰ የጨው ነጋዴ ጠየቀ፤ ያም በጥር አለው። በጥር ማደሪያው ሁሉ ይወደዳል፣ ነጋዴው ደግሞ ከባለማደሪያዎቹ ጋር ይተዋወቃል። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቃል ሲናገሩ ልቡ ባረፈ ነበር። ገበሬው ግን «እነዚህ ሰዎች የት ተገናኝተው ተማከሩ?» እያለ ይብሰለሰል ጀመር።

በመጨረሻ ሰኔ ሲያልቅ፣ ወንዙ ሳይሞላ ልቅደም ብሎ፣ ከሩቅ ገበያ በግማሽ ዋጋ በቅሎ ከነባለቤቷ ተከራይቶ ተነሣ። የሚነሣበትን ቀን ለሚስቱ እንኳ አስቀድሞ አልነገራትም። ዘራፊ እንዳይጠብቀኝ ብሎም ነጋዴው ሁሉ የሚሄድበትን ጎዳና ትቶ በአቋራጭ ወረደ።

በዐሥረኛው ቀን ከተማዋ ደረሰ። ንፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ለልጁና ለሕፃኑ ብሎ የጫነው ቅቤ ቀልጦ የበቅሎዋን ጎን አርሶታል። ሱቁ ተዘግቷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። የበቅሎዋ ባለቤት ጭነቱን አራግፎ በዚያው ቀን ተመለሰ። የልጁንም ቤት ተቆልፎ አገኘው።

አንዲት ጎረቤት ድምፅ ሰምታ ወጣች፤ የልጅቱ አባት መሆኑን ነገራት። «አባቴ፣ ልጅዎ እኮ ወደ እርስዎ ነው የወጣችው! በዚህ ወር አቅም ያለው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ደጋ ይሸሻል። ባሏ መርከብ ላይ ነው፤ እስከ ጥቅምት አይመለስም። እሷ ከወጣች ሁለት ሳምንት አለፋት።»

«ወጥታ ቢሆን መንገድ ላይ አገኛት ነበር።»

«በዋናው ጎዳና ነው የመጡት?»

ገበሬው ቁልፉን አስመጥቶ ቤቱን አስከፈተና አልጋው ሥር ሳይቀር አየ። ማንም የለም። የሕፃኑ ልብስም የለም። «ልመጣ መሆኔን ሰምተው ነው ያሸሿት» አለ በልቡ። መምጣቱን ለማንም አለመናገሩ ትዝ እንኳ አላለውም። ይኸው ነው ጥርጣሬ፤ አንዴ ከገባ ማስረጃ አይለምንም።

እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሳምንት ሳይሞላው ንዳድ ጣለው። ጎረቤቲቱ ከመሬት አንሥታ አስታመመችው። እሱ ግን የምታጠጣውን ውኃ አስቀድማ ካልቀመሰችለት አይጠጣም ነበር። እኔ ብሆን ጥያት እሄድ ነበር፤ እሷ ግን እየቀመሰች አጠጣችው።

መስከረም ጠብቶ ወንዞቹ ሲጎድሉ በምርኩዝ ወደ አገሩ ተነሣ። ገንዘቡ ስላለቀ ማደሪያ ያለበትን ጎዳና ትቶ፣ አሁንም በአቋራጩ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ጥቅምት ገብቷል። ሚስቱ ገና ስታየው ጮኸች።

«የት ከርመህ ነው? በሄድህ በአራተኛው ቀን ልጃችን መጣች! ወንዙ ሞልቶ ሰው እንኳ ልልክብህ አልቻልሁም። ክረምቱን ሙሉ መንገድ መንገድ ስታይ ቆይታ፣ ባሏ የሚገባበት ወር ደርሶ ትናንት ወዲያ ወረደች።»

«በየት በኩል?»

«በጎዳናው ነዋ! ሰው በየት ይሄዳል?» አለችና ግቢውን በእጇ አሳየችው። «ልጁ እኮ ዳዴ ማለት ትቶ መራመድ የጀመረው እዚህ ግቢ ነው።»

ገበሬው በቆመበት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሁለተኛ የሚሸጠው ትርፍ በሬም ሆነ ያን መንገድ የሚደግምበት ጉልበት አልነበረውም። የሚቀጥለው ሐምሌም ሳይደርስ፣ የልጅ ልጁን ሳያይ ሞተ።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ «ሰው እንዳያታልለኝ ምን ላድርግ?» ነበር ጥያቄህ። ይህን ገበሬ ማንም አላታለለውም። አማቹ እውነቱን ነገረው፤ አከራዩም፣ ነጋዴውም፣ ጎረቤቲቱም እንዲሁ። አንድ ሰው እንኳ ሳይዋሸው ከልጁ ሳይገናኝ ቀረ። የሰውን ቃል ሁሉ ሲመረምር፣ የገዛ ግምቱን ግን አንድ ቀን «አንተስ ከየት መጣህ?» ብሎ አልጠየቀውም።

አንተም ያው ነህ። ወንድምህ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከብህ፤ ሦስቱንም ጊዜ «መሬቴን ሊወስድ ነው» ብለህ መለስሃቸው። ይህን ማን ነገረህ? ማንም አልነገረህም፤ እንዲህ ስትሆን ሳይህ እናደዳለሁ። ዛሬም ልኳቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ዛፉ ሥር ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። ተነሥና ግቡ በላቸው።