በጋቢ ቀን የሚያብደው ማሽን

«ማየት የሚከለክልሽ የለም፤ መናገር ግን ሲጠይቁሽ ነው።» አባቴ እንዲህ ያለኝ ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣኝ ዕለት ነው። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው ስላልመጣ ያየሁትን ሳልጠየቅ ልጽፈው ነው። ፍርዱን እናንተ ተከራከሩበት።

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት እትዬ አሰገደች የሚባሉ ልብስ አጣቢ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ያላቸው አንድ ያረጀ ማጠቢያ ማሽንና በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ባዶ የሱቅ ክፍል ነው። እኔ ልጄን ሶስናን አዝዬ እሳቸው ዘንድ እሠራ ነበር፤ ማሽኑን የምሞላውም የማራግፈውም እኔ ነኝ።

ፋሲካ ሲቃረብ ማሽኑ አበደ። ለመጭመቅ መሽከርከር ሲጀምር እንደ ሙቀጫ ይደልቃል፤ ከቆመበት ተነስቶም ወደ በሩ ይሄዳል። ከበላያችን የሚኖሩት የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ልሳነወርቅ ወረዱ።

«ወይዘሮ አሰገደች፣ ብርጭቆዎቼ ከመደርደሪያ ሊወርዱ ነው። እስከ ቅዳሜ ዝም ካላለ ማሽኑ ከግቢው ይወጣል። ኮሚቴው ወስኗል።»

ኮሚቴው እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ሁለት አባላት ከተመረጡበት ቀን ወዲህ ስብሰባ ላይ ታይተው አያውቁም።

እትዬ አሰገደች የእጅ አንጓቸው ስለታመመ በእጅ ማጠብ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ማሽኑ ወጣ ማለት እንጀራቸው ወጣ ማለት ነው፤ የእኔም እንደዚሁ። ስለዚህ የወንድማቸውን ሦስት ልጆች አስጠሩ። ሦስቱም ያንን የሱቅ ክፍል ሲለምኑ ከርመዋል። «ማሽኔን ዝም ያሰኘ የክፍሉን ቁልፍ ይውሰድ» አሏቸው። እሳቸው ሲታመሙ መንገዱ የጠፋባቸው ሦስቱም በማግስቱ ከማለዳው ደጅ ላይ ተገኙ።

ታላቁ ጌጤነህ መካኒክ ነው። የምስክር ወረቀቱን ላስቲክ አስለብሶ በቦርሳው ይዞ ይዞራል፤ ማሽኑ የሚያነብለት ይመስል። ልብሱ የሚገባበትን በርሜል በእጁ አሽከረከረ፤ የካቻቢቴውን ጫፍ በማሽኑ ጀርባ አስደግፎ በእጀታው በኩል ጆሮውን ጣለ። «ይሰማሉ አክስቴ? ጨው የሚፈጭ ነው የሚመስለው። በርሜሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል» አለ። እውነቱን ነው፤ ከሥሩ የዛገ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፈታ፣ ቀጠቀጠ፣ አዲስ ገጠመ። ማሽኑ ማጓራቱን ተወ። መደለቁን ግን አልተወም። «ይሄ እንግዲህ የማሽን ችግር አይደለም» ብሎ እጁን ታጠበ።

መካከለኛው መኳንንት የግንበኞች አለቃ ነው፤ ለእሱ ሰማይም ወለል ነው። ውሃ ልኩን ማሽኑ ላይ አጋደመ፤ አረፋው ወደ አንድ ጎን ሸሸ። አራቱን ማዕዘን በመዳፉ እየተጫነ ዞረ፤ የኋላው ግራ እግር ተንገዳገደ። ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን አገኘ፤ በስብሶ ቂጣ ሆኗል። አውጥቶ ጣለው፤ እግሩን በብሎኑ አዙሮ አስረዘመና አራቱም እግር እኩል ወለሉን ረገጠ። ማሽኑ ወደ በሩ መሄዱን ተወ። አሁን ባለበት ቆሞ ይደልቃል።

«ይሄን ወለል ያፈሰሰው ሰው መጠየቅ አለበት» አለ መኳንንት።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያፈሰስከው?» አሉት እትዬ አሰገደች።

«ሲሚንቶው ነዋ» አለና ተቀመጠ።

ታናሹ ውብሸት ሥራ ፈልጎ አያውቅም፤ ሥራም እሱን ፈልጎት አያውቅም። ሁለቱን ቀን ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚው ወንበር ላይ ተጋድሞ ነበር። የሠራው ሥራ ቢኖር «ጌጤ፣ ኩሽኔታህ ከበሮ መምታት ጀመረ እኮ» እያለ መሳቅ ነው።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በአንሶላ ቀን ማሽኑ ያጉረመርም እንደሆን እንጂ አይደልቅም። የሚደልቀው በጋቢ ቀን ነው። እትዬ አሰገደች ቤት ደግሞ የሰው ጋቢ ከሌላ ሰው ጋቢ ጋር አይነከርም፤ ደንበኞቹም «ለብቻው» ብለው ነው የሚያስረክቡት። ለፋሲካ አገር ሁሉ ጋቢውን ሲያመጣ አንድ በአንድ ነው የማስገባው። ብቻውን የገባ ጋቢ ውሃውን ጠጥቶ በአንድ ጎን ይከመራል። በርሜሉ ሲፈጥን ያ ክምር በዞረ ቁጥር በርሜሉን ይዞ ይላጋል።

ጌጤነህ ሊፈታ ሲል «ጋቢው አቻ አጥቶ ይሆናል፤ ሌላ ቢጨመርበት» አልኩት። «የሶስና እናት፣ እስቲ ያንን መፍቻ አቀብይኝ» አለኝ። ለመኳንንትም ደገምኩለት። ሳይዞር «እሺ፣ ውሃ አምጪልኝ» አለ። ውብሸት ሁለቱንም ጊዜ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ጆሮ ግን ክዳን የለውም።

ቅዳሜ ረፋድ አቶ ልሳነወርቅ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትለው መጡ። ማሽኑ ያን ሰዓት እየደለቀ ነበር። የሚደልቀው ለበዓል ያስረከቡት የራሳቸው ጋቢ ነው።

«አንሱት» አሉ።

ውብሸት ያን ጊዜ ተነሳ። ማሽኑን አጥፍቶ በሩን ከፈተ። ከትከሻው ላይ ጋቢውን ገፈፈና ከእርጥቡ ጋቢ ትይዩ ጠቀጠቀው።

«ምን ማድረግህ ነው? የሰው ጋቢ ላይ ያንተን እድፍ?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«አክስቴ፣ ወይ ጋቢው ይነካካ ወይ ማሽኑ ይሂድ» አለና ዘግቶ አስነሳው።

በርሜሉ ዞረ፣ ጋቢዎቹን አርሶ ፈጠነ። ሶስና ጀርባዬ ላይ ስትተነፍስ ሰማኋት። አቶ ልሳነወርቅ ተሸካሚዎቹን አዩ፤ ተሸካሚዎቹ ማሽኑን አዩ። «እንግዲህ ዝም ካለ፣ ዝም ብሏል» ብለው ወጡ። ጋቢያቸው ከማን ጋር እየታጠበ እንደሆነ አልጠየቁም።

«እንዴት አወቅኸው?» አሉት እትዬ አሰገደች።

«ማሰብ ነው፣ አክስቴ» አለ ውብሸት። ወደ እኔ አላየም።

ከዚያ ሦስቱ ወንድማማቾች በክርክር ተያያዙ።

«ኩሽኔታውን ባልቀይረው በወሩ ደርቆ ይቀር ነበር። ያኔ በጋቢ ትጠግነው ነበር?» አለ ጌጤነህ።

«እግሩን ባላስተካክለው እየዘለለ ቧንቧውን ነቅሎ እዚሁ ያዋኘን ነበር» አለ መኳንንት።

«እናንተ ሠራችሁ፣ ደለቀ። እኔ ነካሁት፣ ዝም አለ። አክስቴ ያሉት ዝም ያሰኘ ነው እንጂ የደከመ አይደለም» አለ ውብሸት።

የሚያናድደው በዚህ ክርክር ሦስቱም አለመዋሸታቸው ነው። ኩሽኔታው አልቆ ነበር፤ እግሩም ተንጠልጥሎ ነበር። ውብሸት ነገሩን ከእኔ ይስማው እንጂ፣ እኔ ያንን ሁሉ ቀን እያወቅሁ ሁለት ጋቢ አንድ ላይ ለማስገባት አልደፈርኩም። ቁጣ ፈርቼ እንጀራችን ሊወጣ ቆሜ አየሁ። ያ ሰነፍ ደፈረ።

እትዬ አሰገደች ሦስቱን ተራ በተራ አዩዋቸው። ከዚያ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት። «ሰው እስኪፈርድ ያዢልኝ» አሉኝ። ወንድማማቾቹ በሩ ላይ እየተጋፉ ወጡ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ያለቀውን ለይቶ ለለወጠው? የተንጋደደውን ላቆመው? የሰው ሐሳብ ሰርቆ ለደፈረው? ወይስ አውቃ ላልደፈረችው? ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?

እኔ በበኩሌ ሁለቱን ጋቢዎች አስጥቼ ስጨርስ፣ ክፍሉን ከፍቼ ጠረግሁት።