የበረሃው ሰይፍና አጋፋሪ ጥላዬ

ጆሮ ስጡኝ ልጆች። በድሮ ዘመን፣ ጨው በግመል ብቻ በሚመጣበት ዘመን፣ ዝናብ በማያጣው ደጋ አንድ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ ችኩል ነበር። አትክልተኛው ይርዳው ጥንቁቅ ነበር፤ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሳያይ አያምንም፣ አይቶም ይጠራጠራል። አጋፋሪው ጥላዬ ሰነፍ ነበር፤ ምላሱ ግን አይደክምም።

አንድ ቀን የጨው አገር ሹም ሐመዱ ከበረሃ መጣ። ቅጠላቸው እንደ ሰይፍ የሾለ ሦስት ተክሎች ለንጉሡ ሰጠ።

«የሰላማችን ምልክት ናቸው። ከሦስት ክረምት በኋላ እመለሳለሁ። አንዱን እንኳ ቆሞ ካገኘሁት የጨው መንገድ ክፍት ነው። ሁሉም ከሞቱ ይዘጋል» አለ።

ይርዳው ቀረብ ብሎ፣ «አባቴ፣ ተክሎቹ ምን ይወዳሉ?» ሲል ጠየቀ።

«ፀሐይ፣ ጠጠር፣ እጁን የሚሰበስብ ሰው» አለ ሐመዱ።

በዚያ ደጋ ግን ተክል መውደድ ማለት ማጠጣት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ንጉሡ የታችኛውን ቅጠል ደርቆ አየና «ጠምቶታል» አለ። ጥላዬ ሎሌ አዝዞ ጧትና ማታ አስጠጣው። አንዱ ተክል ሥሩ በስብሶ ወደቀ። በሁለተኛው ዓመት ጥላዬ ውሃውም ፍጉም ይጨመር አለ። ሁለተኛውም ወደቀ።

«ይርዳው ነው የገደላቸው» አለ ጥላዬ። «ውሃ ይሰስታል።»

ንጉሡ ይርዳውን አስጠራው። «አንድ ቀርቷል። እሱ ከሞተ አንተም አብረኸው ትቀበራለህ።»

ይርዳው ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብሎ አሰበ። ሄዶ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። ርጥብ ነው። በማግስቱም ሰደደ። ርጥብ ነው። በሦስተኛውም ቀን ርጥብ ነው። ሎሌዎቹን ልከልክል ቢል አይችልም፤ የሚያዝዛቸው ጥላዬ ነው። አሰበ፣ አሰበና ወደ ንጉሡ ተመለሰ።

«ጃንሆይ፣ እኔ አላወቅሁበትም። ጥላዬ ያሳድገው። የንጉሥ ተክል ግን ከፍ ያለ ቦታ ይገባዋልና ከገደሉ አናት ላይ፣ ጠጠሩ ላይ ይተከል። ውሃውንም ሎሌ አይንካው፤ ጥላዬ ራሱ ከወንዝ በጀርባው ያውጣው።»

«ይሁን» አለ ንጉሡ። «ቢሞት ግን የምትጠየቀው አንተው ነህ።»

ጥላዬ በር ላይ ጠበቀው። «ወንድሜ ይርዳው፣ አንገትህን ለኔ አደራ ሰጠኸኝ እኮ። አይዞህ፣ በደንብ አጠጣልሃለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን ጥላዬ አንድ እንስራ ውሃ ገደሉ አናት አውጥቶ ደፋው። ይርዳው ከቋጥኝ ጀርባ ሆኖ ያየው ነበር። በሁለተኛው ቀን ጥላዬ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀመጠ፤ ጠጣ፤ በተረፈው እግሩን ታጠበ። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ተኝቶ ዋለ። ማታ ማታ ግን ንጉሡ ፊት ቆሞ «ሦስት እንስራ አጠጣሁ» ይላል።

ይርዳው ግን አላረፈም። በየቀኑ እየወጣ ጣቱን ሰደደ። ደረቅ። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ በጠጠሩ መሃል ወርዶ አለፈ። የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው እንደ ቀሚስ ግንዱን ሸፈኑት። ይርዳው ሊገነጥላቸው እጁን ይዘረጋል፤ ግንዱን ከፀሐይ ቢከልሉትስ ይላል፤ መልሶ ይሰበስባል።

ሦስተኛው ክረምት አልቆ ሐመዱ መጣ። ንጉሡ፣ ሐመዱ፣ ጥላዬና ይርዳው ገደሉን ወጡ። ከሩቅ የደረቀው ቅጠል ብቻ ታየ። ንጉሡ ዞሮ የይርዳውን አንገት አየ። ይርዳው መሬት መሬቱን እያየ ወጣ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ግን ከሰይፎቹ መሃል ቁመቱ ሰው የሚያክል አገዳ ቆሟል፤ ነጫጭ አበባ እንደ ደወል ተንጠልጥሎበታል።

ጥላዬ ቀድሞ ዘለለ። «ጃንሆይ፣ የኔ ሥራ ነው። በቀን ሦስት እንስራ፣ ዓመቱን ሙሉ።»

ሐመዱ ሳቀ። «ይህ ተክል? በቀን ሦስት እንስራ ቢጠጣ በወሩ በስብሶ ነበር።»

ንጉሡ ወደ ጥላዬ ዞረ። «ወይ አላጠጣህም፣ ዓመቱን ሙሉ ዋሽተኸኛል። ወይ አጠጥተሃል፣ ሐመዱ ዋሽቷል። የቱ ነው?»

እንግዳ ሹምን ፊት ለፊት ዋሽተሃል ለማለት ማን ይደፍራል? «አላጠጣሁም» አለ ያ የማይደክም ምላስ።

«ሁለቱን ግን አጠጥተህ ገድለሃል» አለ ንጉሡ። ወደ ይርዳው ዞረ። «እንደማያጠጣው በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም ጃንሆይ። በየቀኑ እየወጣሁ አየሁ እንጂ።»

ጥላዬ ሹመቱን ተገፎ ከሐመዱ ግመሎች ኋላ ወረደ፤ ጨው ሲቆርጥ ኖረ። መንገዱም ክፍት ሆነ።

እንግዲህ ልጆች፣ የምታሳድጉትን ነገር ጠባዩን ሳትጠይቁ አትንከባከቡት፤ ደግነታችሁ ሊገድለው ይችላል። ሰነፎችም በዚህ አትደሰቱ፤ ጥላዬ እጁን የሰበሰበው ስለታከተው ነው፣ ይርዳው ግን ስላስተዋለ። እኔ አወራሁ፣ እናንተ ሰማችሁ፣ ተረቱም በዚሁ አረፈ።