አገር ያየችው ብስክሌት

አንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ነበረ። ሕዝቡ ብስክሌት ይወዳል፤ በየዓመቱ መጋቢት ላይም የሴቶች ቡድን አሰልፎ ከጎረቤት ከተሞች ጋር ይወዳደራል። የውድድሩ ሕግ ጨካኝ ነው። አራቱ ሴቶች አብረው ይነሳሉ፤ ሰዓቱ የሚቆመው ግን አራተኛዋ ስትገባ ነው። አንዷ ከደከመች ሦስቱ በከንቱ ለፉ ማለት ነው።

ከአራቱ አንዷ ጥሩዬ ትባላለች። ሥራዋ ወፍጮ መጠገን ነው። እህል ተወቅቶ ወፍጮ ቤቶች በሚጨናነቁበት ወራት፣ ከጥር እስከ የካቲት መጨረሻ፣ በየገጠር ከተማው እየዞረች የቆመ ሞተር ታስነሳለች። እጇ ነክቶት ያልተነሳ ሞተር የለም ይባልላታል፤ እውነትም ነው።

በዚያ ዓመት ልትሄድ ስትል አሰልጣኙ ጋሽ እንዳላማው ጠሯት።

"ሂጂ፣ እንጀራሽ ነው" አሏት። "ስትመለሺ ግን ከሐረገወይን ጋር የከተማችንን ዳገት በብስክሌት ትወጣላችሁ። ቀድማ የደረሰችው ማሊያውን ትለብሳለች።"

ሐረገወይን ተጠባባቂዋ ናት። ሁለቱን ወር ሙሉ እዚያው ከተማ ሆና ትለማመዳለች። ጥሩዬ አራት ዓመት የለበሰችውን ማሊያ ልታጣው እንደምትችል ገባት። ቢሆንም ደረቷን ነፍታ "ብስክሌቴን ይዤያት ነው የምሄደው!" አለች።

እንዳለችውም አደረገች። ብስክሌቲቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጎን ተጫነች። የመጀመሪያው ከተማ ስትደርስ ወረደች፣ ተወለወለች፣ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደገፈች። በዚያ አገር ወፍጮ ያስነሳ ባለሙያ ክቡር እንግዳ ነው። ከመጀመሪያው ዱቄት ገንፎ ይገነፋለታል፣ ቅቤ መሃሉ ላይ ይፈስለታል፣ ጠግቤያለሁ ቢል "በሞቴ!" ይባላል። ጥሩዬ በላች። በልታም ተኛች። ጠዋት ሌላ ሞተር ጠበቃት፣ ማታ ደግሞ ሌላ ገንፎ።

ጋሽ እንዳላማው እየደወሉ "ብስክሌትሽስ?" ይሏታል።

"አብራኝ ናት!" ትላቸዋለች።

አልዋሸችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብስክሌቲቱ አገር ስታይ ከረመች፤ ጎማዋ መሬት የነካው ግን ከአውቶቡስ ማቆሚያ እስከ ወፍጮ ቤት ባለው መንገድ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ከተማ ባለ ወፍጮዋ እትዬ ጠጂቱ የሚባሉ፣ አነጋገራቸው ረጋ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ነበሩ። ጥሩዬ ብስክሌቷን ስትወለውል ቆመው አዩዋትና ጠየቋት።

"ልጄ፣ አትቆጪኝና፣ ይህችን ብስክሌት ለማን ነው የምታደርሺው?"

"የራሴ ናት እንጂ እትዬ! ተወዳዳሪ ነኝ እኮ።"

"እንዲያ ነው? እኔማ የሰው አደራ መስሎኝ። ስታብሺያት እንጂ ስትቀመጪባት አላየሁም።"

ጥሩዬ ሰበቧን ደረደረች። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ሥራው ይበዛል፣ ማታ ይደክማታል፣ ሰዉ ደግሞ ካልበላሽ ብሎ ይይዛታል። እትዬ ጠጂቱ እስክትጨርስ ጠበቋት።

"ሞተሬ ለምን ተበላሸ ብዬ ትናንት ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ?"

ጥሩዬ ጎማዋን መወልወሏን ቀጠለች።

"እኔ ልንገርሽ። 'ሞተርን የሚገድለው ሥራ ሳይሆን መቆም ነው፤ የሚፈጭ በሌለ ቀን እንኳ ሩብ ሰዓት ያስነሱት' አልሽኝ። ይህ ለብረት ብቻ ነው እንዴ?"

ለሰው ብለው ሲናገሩ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላል። ጥሩዬ ደግሞ ራሷ ለሰው የተናገረችውን መስማት አቅቷት ነበርና አፈረች። ከሚቀጥለው ከተማ ጀምራ በየቀኑ ልትጋልብ ለራሷ ቃል ገባች።

የሚቀጥለው ከተማ ስትደርስ ብስክሌቲቱ ከጣሪያው የወረደችው የፊት ቸርኬዋ ተጣሞ ነው። አንድ ሰው የጤፍ ኩንታል ጭኖባታል። በዚያ አካባቢ ደግሞ የሚያቃናላት የለም። ጥሩዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ መሳቅም ማልቀስም አማራት።

ስልኩ ጮኸ። "ብስክሌትሽስ?"

"ተሰብራለች።"

ጋሽ እንዳላማው አዘኑላት። "አይዞሽ፣ ምን ታደርጊ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። በቃ ማሊያውን ለሐረገወይን ልስጣት።"

ይኸውላችሁ፣ አሁን እውነተኛ ሰበብ እጇ ገባ። ማንም አይወቅሳትም፤ እንዲያውም ሁሉም ያዝንላታል። አብዛኞቻችን እዚህ ስንደርስ ተመስገን ብለን እንቀመጣለን። ጥሩዬ ግን እንዲህ አለች፤ እኔም ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ አምስት ሳምንት አለኝ። ዳገቱን ሳንወጣ ለማንም እንዳይሰጡብኝ።"

ገበያው ጥግ ላይ ብስክሌት በሰዓት የሚያከራይ ሰው ነበረ። የከተማው ሰው ሁሉ መንዳት የተማረባት አንዲት ከባድ ብስክሌት ብቻ ቀርታዋለች።

"ፍሬን የላትም እኮ!" አላት።

"ዳገት ነው የምወጣባት። ፍሬን ምን ያደርግልኛል?"

"ስትወርጂስ?"

"እየገፋሁ።"

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ሰጣት። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው የሚወስደውን ዳገት ጀመረች። ግማሽ ሳትደርስ ወርዳ ቁና ቁና ተነፈሰች። "ወፍጮ ሠሪዋ ዛሬስ ለየላት" ብለው መንገደኞች ሳቁባት። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ራቀች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በሳምንቱ የዳገቱ ጫፍ ላይ ደረሰች።

ቀጥላ የሄደችበት ከተማ ለኪራይ ቀርቶ ለዓይን እንኳ ብስክሌት አልነበረውም። እሷ ግን የመፍቻ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ከሥራ በኋላ ኮረብታውን በእግሯ ወጣች። መለዋወጫ እስኪመጣ በሚጠበቅበት ቀን የወፍጮ ቤቱን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ዋለች። ገንፎው ሲቀርብ ለበረከት ሁለት ጊዜ ትጎርስና "የቀረውን ከዳገቱ ስመለስ" ትላለች። ሴቶቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ኋላ ግን ራሳቸው "ተነሺ፣ ዳገቱ እንዳይመሽብሽ!" ይሏት ጀመር።

የካቲት አልቆ ከተማዋ ስትገባ ቸርኬውን አስቀየረች። በማግሥቱ ሰው ሁሉ ዳገቱ ግርጌ ተሰበሰበ። ሐረገወይን ሰነፍ አልነበረችም፤ ሁለት ወር ለፍታለች፣ ገና ከመነሻው ቀደመች። ጥሩዬ ግን ያን ሁሉ ዳገት በከባዷ ብስክሌትም በእግሯም ከርማበት ኖሮ የራሷ ብስክሌት ላባ ሆነችላት። ከመጨረሻው ኩርባ ላይ ደረሰችባት፣ ጎን ለጎን ሆኑ፣ ከዚያም አለፈቻት። ሕዝቡ በእልልታና በፉጨት አካባቢውን አናወጠው።

ጋሽ እንዳላማው ማሊያውን በብብታቸው ይዘው መጡ። "ቆይ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ብስክሌት ሳይኖርሽ እንዴት ተለማመድሽ?"

ጥሩዬ ላቧን ጠረገች። "ጋሼ፣ ያልተለማመድኩት ብስክሌት በነበረኝ ጊዜ ነው" አለቻቸው።

እሳቸው ይህን ሲሰሙ ማሊያውን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

በመጋቢቱ ውድድር ከተማዋ አሸነፈች ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። መጨረሻ ገብታ ሰዓቱን ያስቆመችው አራተኛዋ ግን ጥሩዬ አልነበረችም።

የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው፦ መሣሪያን መያዝ ሥራን መሥራት አይደለም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ነገር አይሟላለትም፤ ቤቱ ተቀምጦም አይሟላለትም። ብርቱ ሰው የጎደለውን እየቆጠረ አይቀመጥም፤ ባገኘው ይነሳል። ለመሆኑ እናንተስ፣ "ይዤዋለሁ፣ አለኝ" የምትሉት ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ላብ ያስወጣችሁ መቼ ነው?