የየሺመቤት ወንበር

አንድ ሰው ነበረ፤ ናዝሬት። ናዝሬት ገና ናዝሬት ስትባል፣ ባጃጅ የሚባል ነገር ሳይገባ፣ ከገበያ ወደ ቤት በጋሪ የሚኬድበት ዘመን ነው። እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁት ሽማግሌዎች ታስታውሱታላችሁ። አይ ያ ዘመን! እኔን አቧራው እንኳ ይናፍቀኛል።

ይህ ሰው አንዲት ትንሽ መኪና ነበረችው። ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ዳገት ላይ ልጆች እየሮጡ የሚቀድሟት። ሚስቱን የሺመቤትን በሙሽርነቷ ሶደሬ የወሰዳት በእሷ ነው። ታዲያ የፊቱ ወንበር የየሺመቤት ነው። ወንድሙ ቢመጣ ከኋላ፣ አለቃው ቢመጣ ከኋላ። «የፊቱ ባለቤት አለው» ይላል። እንዲህ ነበር የሚወዳት።

መኪናዋ በስተርጅና አመል አወጣች። እየሄደች ድንገት ጸጥ! ትንሽ ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ሰውየው ጋሽ ኑሪ ዘንድ ወሰዳት። ጋሽ ኑሪ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እጁም አፉም የማያርፍ ሰው ነው። ቁልፉን ሲያዞር ትነሣለች። ከተማውን ሲዞርባት ደህና ናት። ባትሪውን ቀየረ፣ ይህንንም ያንንም ነካካ። ሰውየው ተመልሶ ይመጣል፤ «ጠፋችብኝ!» ይላል። ጋሽ ኑሪ ይነዳታል፤ ሰላም! በመጨረሻ ተናደደና «ስማ፣ ይቺ መኪና ጤነኛ ናት። የታመመ ካለ አንተ ነህ፣ ሂድ ጠበል ተጠመቅ!» አለው።

አትሳቁ። ጨርሶ የተሰበረ ነገርማ ይታያል፣ ይጠገናል። ሰውን የሚያሳብደው አንዴ እየመጣ አንዴ የሚሄደው ነው።

ሰው ምክንያት ሲያጣ ምን ያደርጋል? ጥፋተኛ ይፈልጋላ! ሰውየው ማሰብ ጀመረ። ሥራ ስሄድ ትጠፋለች? አትጠፋም። ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ትጠፋለች? አትጠፋም። የሺመቤት ስትገባስ? ትጠፋለች።

አንድ ቅዳሜ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ለብሰው አጊጠው ሲሄዱ፣ ገበያው መሃል ጸጥ አለች። ከኋላ ጡሩንባ፣ ከጎን የባለጋሪዎች ስድብ። ሰውየውን ላብ አጠመቀው። ወደ ሚስቱ ዞረና «አንቺ ስትገቢ ነው እኮ! ሁልጊዜ አንቺ ስትገቢ! ምን ዓይነት ገደ ቢስ ነሽ!» አላት።

የሺመቤት ነጠላዋን ሰብስባ ወረደች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጋሪ አስቁማ ሄደች።

ሰውየው ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ተነሣች!

ወገኖቼ፣ ከዚህ የከፋ ምን አለ? ሐሰትም አንዳንዴ ማስረጃ ያገኛል። ሰውየው «አላልኩም?» እያለ ብቻውን ሠርግ በላ።

ሲመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። የሺመቤት ወንጂ፣ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች። ሽማግሌ ላከ። «ከገደ ቢስ ጋር ምን ይሠራል? መኪናዋን ይንዳ» ብላ መለሰቻቸው። መኪናዋንማ ነዳ። አንድም ቀን አልጠፋችበትም። ግን ጎኑን ባየ ቁጥር ባዶ ወንበር ነው የሚያየው። መንገድ ላይ ቆመው ሲስቁ፣ እሷ ስትገፋ እሱ ሲያስነሣ የነበረበት ጊዜ ናፈቀው። ወይ ሰው! በእጁ ያለውን ሲያጣ ነው የሚያውቀው።

ይህንኑ ለጋሽ ኑሪ ሲያወራው፣ ጋሽ ኑሪ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ቆይ፣ ቆይ! እሷ ስትቀመጥ ብቻ ነው? ሌላ ሰው እዚያ ተቀምጦ አያውቅም?»

«አያውቅም። የሷ ነው።»

«አንተ ሰው! ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን ስነዳት ቆመህ ታያለህ? በል ሂድና አምጣት።»

«አንተ ብትቀመጥበትስ?»

«እኔ ብቀመጥ ብልሽቱን አገኘው ይሆናል። ያን የተናገርከውን ቃል ግን ማን ያነሣልሃል? ተቀምጣ በዓይኗ ትየው።»

ሄደ። አሁን ሽማግሌ አልላከም፣ ራሱ ሄደ። የሺመቤትም መጣች፤ «ለመኪናዋ ስል ነው፣ ላንተ እንዳይመስልህ» እያለች። ከፊት ተቀመጠች። ጋሽ ኑሪ ከኋላ ተጣጥፎ ገባ። ትንሽ እንደሄዱ፣ ያው ገበያ መሃል፣ ጸጥ! የሺመቤት ፊቷ ጠቆረ። እጇን ወደ በሩ ሰደደች። ምን ታድርግ፣ መውረድ ለምዳለች።

«እንዳይወርዱ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ኑሪ። «እትዬ የሺመቤት፣ በአላህ እንዳይወርዱብኝ! እርስዎ ከወረዱ ይደበቅብኛል!»

እጁን ከወንበሯ ሥር ሰደደ። ምንጣፉን ገለጠ። ከቁልፉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦ እዚያ ጋ ተቆርጦ ተቋጥሯል፤ የታሸገውም በቁስል ፕላስተር ነው፤ ፕላስተሩም አርጅቶ ለቅቋል። ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ ይጫነውና ቋጠሮው ይላቀቃል። ሰው ሲነሣ መልሶ ይነካካል።

«ይህን የቋጠረ ደደብ ማነው?» አለ ጋሽ ኑሪ።

ሰውየው አየና አንገቱን ደፋ። ቋጠሮው የራሱ ነው። ሶደሬ ሊሄዱ ሲሰናዱ የሺመቤት «ያለ ሙዚቃ ምን መንገድ አለ?» ብላው፣ ቴፕ ሊያስገባላት ከዚያ ሽቦ መብራት የጠለፈው እሱ ነው። በጥድፊያ ማሸጊያ ቢያጣ ከቤት ያገኘውን ፕላስተር ጠቀለለበት። መንገዱን ሁሉ አብረው እየዘፈኑ ነበር የሄዱት። ቴፑ ከተሰረቀ ዘመን አልፎታል። ቋጠሮው ግን እዚያው ነበር።

«የቴፑ ነው?» አለች የሺመቤት፤ እንባዋ መጣ። እሱማ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። «የሺዬ፣ ገደ ቢሱስ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አላት።

«ሰው ጡሩንባ እየነፋብን ነው» አለችው። «አሁን ጋሽ ኑሪ ይሄን ሽቦ ይቋጥሩልንና እንሂድ። ይቅርታውን ቤት ስንደርስ ትለኛለህ።»

ቤት አለች። ሰማችሁ? ወንጂ አላለችም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ማንን አወረዳችሁ? «እሷ ስትናገር ነው የምቆጣው።» «እናቴ ስትመጣ ነው ቤቴ የሚታወከው።» «ያ ወንድም ከኮሚቴው ይውጣልን እንጂ ሰላም ነን።» ይኸው ወጣ፣ ሰላምም ሆናችሁ። ልክ ናችሁ፣ መኪናዋ ተነሥታለች! ቋጠሮውስ የት ሄደ? እሱን ማን ቋጠረው?

ብቻችሁን ስትጸልዩማ እንደዚያች መኪና ማን ይጠፋል? ብቻዬን ከሆንኩ እኔም ቅዱስ ነኝ። ጎናችሁ ሰው ይቀመጥና እንያችሁ! እግዚአብሔር ያን ሰው አጠገባችሁ ያስቀመጠው የእናንተ ብልሽት እንዲታይ ቢሆንስ? ብልሽታችሁ የታየው በእሱ በኩል ነው። እናንተ ግን እሱን ገደ ቢስ አላችሁት።

ቋጠሮውን ደግሞ በክፋት አልቋጠራችሁት ይሆናል። እንደዚያ ሰው በፍቅር ዘመናችሁ፣ በጥድፊያ፣ ባገኛችሁት ነገር አስራችሁት ረስታችሁት ይሆናል። ረሳነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ጎንበስ ብላችሁ ከወንበሩ ሥር እዩ።

የወረደ ሰው ያላችሁ፣ ሽማግሌ አትላኩ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በእግራችሁ ሂዱ። ገና ያልወረደ ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ ምናልባት አሁን እጇን በሩ ላይ አድርጋ ከጎናችሁ ተቀምጣለች። ከዚህ ስብከት በኋላ አይደለም፣ አሁን ዞር በሉና «አትውረጂ» በሏት።