የሙዘይን ቡሉኮ

በአንድ ወቅት፣ ከዛሬ ብዙም ባልራቀ ጊዜ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ አራት ልጆች አንድ ክፍል ደረሳቸው። እኔ የማደሪያው ፕሮክተር ነኝ፤ ቁልፍና ፍራሽ አድላለሁ፣ ሲጣሉም እገላግላለሁ። ይበልጣል ከጎጃም የመጣ ዲያቆን ነው። ላምበቦ ከሀዲያ፣ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ። ቃሲም ከባሌ፣ ሙዘይን ከስልጤ፣ ሁለቱም ሙስሊሞች። ታሪኩን የምነግራችሁ እንድትፈርዱልኝ ነው፤ እኔ ደክሞኛል።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር በጭቅጭቅ ጨረሱት። የአንዱ መዝሙር የሌላውን ጥናት ይረብሻል፤ አንዱ ለሶላት ሲነሳ የአልጋው ብረት ሁሉንም ይቀሰቅሳል፤ ላምበቦ በአማርኛው ሲሳቅበት ሳምንት ያኮርፋል። በየተራ እየመጡ «ክፍል ቀይርልኝ» ይሉኝ ነበር። ባዶ ክፍል ቢኖረኝ እቀይርላቸው ነበር። አልነበረኝምና መላመድ ግድ ሆነባቸው።

ያላመዳቸው ሙዘይን ነው። እኛ ዘንድ ምግብ ይዞ ሰው እያየ «እንብላ» የማይል ባለጌ ይባላል። ከቤት ሥጋ በመጣ ቁጥር ግን ይህ «እንብላ» ሰላም ይነሳቸው ነበር። የክርስቲያኑን ሥጋ ሙስሊሙ አይበላም፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ተጋባዡ እምቢ ሲል ያፍራል፣ ጋባዡ ይከፋዋል። አንድ ቀን ሙዘይን «ሥጋ ሲሆን አንጠራራ፤ ዝም እንባባል» አለ፤ ተስማሙ። በሶና ቆሎ ሲመጣ አራቱም ይሻማሉ። ሥጋ ሲመጣ ባለቤቱ አልጋው ላይ ዞር ብሎ ይበላል፤ ሌሎቹ አይተው እንዳላዩ ደብተራቸውን ያነባሉ። በዚያ ዝምታቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሙዘይን ሞተ። ወባ ነው አሉ። ሰኞ ትኩሳት ይዞት ሐኪም ቤት ገባ፤ ዓርብ አስከሬኑን ይዘን ወደ ስልጤ መንገድ ላይ ነበርን። ሦስቱም ቀብሩ ላይ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ ክፍላቸው ገቡ። ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ቁልፍ እቀበላለሁ። ልጆቹም እንደኔው ነበሩ፤ ይማራሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሳሉ።

ትንሽ ቆይቶ እናቱ ወይዘሮ ሸምሲያ ዕቃውን ሊወስዱ መጡ። ክዳን ባለው ሳህን የቋንጣ ፍርፍር ይዘዋል። ለአረፋ ከታረደው በሬ የሙዘይንን ድርሻ፣ ለዕረፍት ሲመጣ ይበላዋል ብለው፣ ቋንጣ አድርገው ሰቅለውለት ነበር። በልጃቸው አልጋ ላይ ተቀመጡና ሳህኑን ከፈቱ።

«ልጆቼ፣ ከእጄ ጉረሱልኝ» አሉ። «እሱ ሲበላው ሳላይ ቀረሁ። እናንተ ስትበሉ ልይ።»

የማንን ሥጋ ማን እንደሚበላ በአገሩ የማያውቅ የለም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ያን ቀን ግን ሐዘኑ አስረስቷቸው ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

የመጀመሪያው ጉርሻ ወደ ይበልጣል ሄደ። ይበልጣል አፉን ከፍቶ ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለ። ዲያቆን ነው ብያችኋለሁ። እንዲህ ያለውን ሥጋ የበላ ዲያቆን ንስሐ ሳይገባ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ አየዋለሁ። እሱ ሲጎርስ ግን ወይዘሮ ሸምሲያ ፈገግ አሉ፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉርሻ ለላምበቦ ነበር። ላምበቦ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘና ሳመው። «እናቴ፣ እኔ ይህን ሥጋ አልበላም» አለ። «ሙዘይን ሥጋ ሲሆን አንጠራራ ካለን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ብላ ብሎኝ አያውቅም። የእኔን እምነት እንደ ራሱ ነበር የሚጠብቅልኝ። አሁን ብበላ ያ ሁሉ እንዳልነበረ ይሆንብኛል።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። «ልጄ እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር።»

ስለ ልጃቸው የማያውቁትን ሰሙ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ወዲያው ግን ነገሩ ገባቸውና ወደ ይበልጣል ዞሩ። «ውይ! ምን አደረግኩህ ልጄ!» ብለው ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

ቃሲምን የሚከለክለው ነገር አልነበረም። ሥጋው የእምነቱ ነው፤ ቁርስም አልበላም። ተነስቶ ሳህኑን ከጭናቸው ላይ ተቀበለ፣ ራሱ ጠቀለለና ወደ አፋቸው አቀረበ። «እርስዎ ይብሉ፣ እናቴ። እህል ከቀመሱ ስንት ቀንዎ ነው?» እያለቀሱ በሉ። «አንተስ?» ሲሉት፣ «እነሱ እያዩ ብቻዬን አልበላም» አለ። የቀረውን መስጊድ በር ላይ ላሉ ችግረኞች በሙዘይን ስም ሰደቃ አደረገው። ወይዘሮ ሸምሲያን አጥግቧቸዋል። እሳቸው የለመኑት ግን ቃሲም ሲበላ ማየት ነበር፤ ያንን አላዩም።

ሲሄዱ ልብሶቹን ወሰዱ። ቡሉኮውን ግን፣ ራሳቸው ፈትለው ያስሸመኑለትን፣ እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት።

«ለልጄ ወንድም ለሆነው ስጥልኝ፣ ወንድሜ።»

«የቱ ነው?» አልኳቸው።

«አብረሃቸው ትኖር የለም? አንተ ታውቃለህ። የእኔ ዓይን ዛሬ አያይልኝም።» ይህን ብለው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

በማግስቱ ሦስቱም ቢሮዬ መጡ። ሦስቱም ቡሉኮውን ይፈልጋሉ፤ ለብርድ ብለው አይደለም።

«ይበልጣል የክፍላችንን ደንብ አፈረሰ» አለ ላምበቦ። «እኔንም ጨካኝ አስመሰለኝ።»

«እናት እጇን ዘርግታ እየለመነች ደንብ ልቁጠር?» አለ ይበልጣል። «አንተ ነህ ያስለቀስካት።»

«ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ራሳችሁ ነው» አለ ቃሲም። «ሴትየዋ ርቧት ነበር።»

«ለአንተማ ቀላል ነው!» አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ። ያን ቀን የተስማሙት በዚህች ብቻ ነው።

አሁን በሶ ሲመጣም «እንብላ» የሚል የለም። ሦስቱም በየአልጋቸው ዞር ብለው ይበላሉ። ለማያውቅ ሰው የድሮው ዝምታ ይመስለዋል። እንደ ድሮው በየተራ እየመጡ ክፍል ቀይርልኝ ይሉኛል፤ አሁን ደግሞ ባዶ ክፍል አለኝ።

ቡሉኮው ታጥፎ ቢሮዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አላለቀስኩም፤ አሁንም አላለቅስም። ወይዘሮ ሸምሲያ ጁምዓ ጁምዓ ይደውላሉ። «ሰጠኸው?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላቸዋለሁ። ባለፈው ሲደውሉ ግን «ልጄ ወንድም አልነበረውም እንዴ?» አሉኝ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ተከራከሩበት። መቅደሱን አጥቶ የጎረሰላቸው ነው? እውነቱን ነግሮ ልጃቸውን ያሳወቃቸው ነው? ወይስ ራሳቸውን ያጎረሳቸው? ጁምዓ ሲደውሉ የማንን ስም ልንገራቸው?